መዝገብ የሌለው የመንጋ ዘበኛ

የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ስለ አገሪቱ የእንስሳት ሀብት ጥናት በሚያደርጉበት ወቅት ወደ ገበሬው ደጅ ሲደርሱ፣ ላሙንና በሬውን፣ በጉንና ፍየሉን፣ ፈረሱን፣ በቅሎውንና አህያውን፣ ዶሮውንም ሳይቀር በየተራው እየጠየቁ ይጽፋሉ፤ ከዚያም አልፈው የንብ ቀፎው ስንት እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። ነገር ግን እነርሱ ገና ከአጥሩ ማዶ ሳሉ መምጣታቸውን በጩኸቱ ለባለቤቱ ያስታወቀው፣ ባለቤቱም ወጥቶ እስኪገሥጸው ድረስ ከበሩ ላይ ያቆማቸው ውሻ የሚጻፍበት ረድፍ በመዝገባቸው ውስጥ የለም።

ይህን ጉድለት እንደ ቀላል ነገር ማለፍ የሚገባ አይመስለኝም። ያልተቈጠረውን እንስሳ ክትባት ሲታደል፣ መድኃኒት ሲገዛ፣ ባለሙያ ሲመደብ የሚያስታውሰው የለም፤ ከዚህም የተነሣ በአዊ ምድር፣ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ፣ ከአዲስ ቅዳምም እስከ ቻግኒ ባለው አገር፣ ከእረኛው ቀጥሎ የመንጋው ጠባቂ የሆነው ይህ ፍጥረት፣ በጤናው ሳለ የማንም ኀላፊነት ሳይሆን ይኖርና ሲታመም ብቻ የሁሉም ሥጋት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የምጠይቀው የከብት ጠባቂው ውሻ እንደ ፈረሱና እንደ በጉ የአገር ሀብት ተብሎ እንዲመዘገብ፣ በተመዘገበበትም ሥርዓት ክትባቱ፣ አመጋገቡና የዘሩ አጠባበቅ እንዲታሰብለት ነው።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልግለጽ። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ክረምቷ ረዥም፣ ጧትና ማታ ጉም የሚለብሳት የደጋ ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ባለው በባንጃ ወረዳ ቀርቀሃው በየጓሮው ይበቅላል፣ ድንቹና ገብሱ በየማሳው ይታያል፤ የዘንገናና የጥርባ ሐይቆችም በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ በዛፍ ተከበው ተኝተዋል። ዳንግላ በበኩሏ ዝቅ ብላ ወደ ወይና ደጋው ያዘነበለች ናት። በሁለቱም ዘንድ ከብት ቀን በግጦሽ መስክ ይውላል፤ ማታ ከመኖሪያው ቤት አጠገብ በእንጨት ወይም በቀርቀሃ በታጠረ በረት ያድራል። ውሻውም የሁለት ጊዜ ሠራተኛ ነው፤ ቀን ከእረኛው ጋር ወጥቶ ከፍ ባለ ስፍራ ይተኛና ጠቦት ለመንጠቅ የሚያደባውን ቀበሮ፣ ወደ ድንቹ ማሳ የሚወርደውን ዝንጀሮና ጦጣ ያባርራል፤ ሌሊት ደግሞ ከበረቱ በር ተጋድሞ ጅብንና ሌባን ይጠብቃል።

መልኩ አንድ ዓይነት አይደለም። ቁመቱ መካከለኛ፣ ጠጉሩ አጭር፣ ደረቱ ሰፋ ያለ፣ ወገቡ ሰርጐድ ያለ፣ ቀለሙ ከቀይ እስከ ጥቁር፣ ከቡላ እስከ ነጭ ነቍጣ የሚለያይ ነው። የባዕድ አገር ውሾች በሥዕል እንደሚታዩት የተስተካከለ ቅርጽ ስለሌለው ብዙ ሰው ‹‹ዘር የለውም›› ይለዋል፤ ይህ ግን ሥራውን ሳይመረምሩ መልኩን ብቻ አይቶ መፍረድ ነው። ስለ ሥራው የማውቀውን አንድ ነገር እዚህ ላይ ልናገር። ባንጃ ውስጥ ከአንድ ገበሬ ቤት ባደርሁበት ሌሊት ውሻው በመጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ቁርጥ ቁርጥ ባለ ድምፅ ጮኸና ዝም አለ፤ ባለቤቱም ከመኝታው ሳይነሣ ‹‹መንገደኛ ነው፣ ይተኙ›› አለኝ። ቈይቶ ግን ድምፁ ወፈረ፤ ሳያቋርጥ እያጕረመረመና እየጮኸ ከበረቱ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩም ወደ በረቱ ይመላለስ ጀመር፤ ይህን ጊዜ ሰውየው አንድም ቃል ሳይናገር ባትሪውንና ዱላውን ይዞ ወጣ። ሲነጋ ከአጥሩ ሥር፣ እርጥብ ጭቃው ላይ፣ የጅቡን ዱካ አሳየኝ፤ የውሻው ዱካ ግን ከበረቱ ከጥቂት ርምጃ በላይ አልራቀም ነበር። ጅቡን ለምን እንዳልተከተለው ብጠይቀው ‹‹ከጥጆቹ ጋር ነው ያደገው፤ እነሱን ጥሎ የት ይሄዳል?›› ሲል መለሰልኝ።

በዚህች አጭር መልስ ውስጥ ስለ ጠባቂ ውሻ አስተዳደግ የዓለም ሊቃውንት ብዙ ከደከሙ በኋላ የደረሱበት ትምህርት አለ። ቡችላ ከተወለደ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ አብሮት የኖረውን ፍጥረት፣ ሰውም ይሁን በግ፣ እንደ ወገኑ ይቈጥረዋል፤ ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ግን ያን ፍቅር በልቡ ማሳደር እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ ለመንጋ ጠባቂነት የታሰበ ቡችላ የእናቱን ወተት እንደ ጨረሰ፣ በሁለተኛው ወሩ ገደማ፣ ከጥጆችና ከበጎች አጠገብ መኝታው ሊዘጋጅለት፣ ምግቡም በዚያው ሊሰጠው ይገባል። የልጆች መጫወቻ ሆኖ ከምድጃ ዳር ያደገ ቡችላ ምድጃውን፣ ከበረት ያደገ በረቱን ይጠብቃል።

ቅዱሳት መጻሕፍትን የተማረ ሰው ውሻ በመንጋ ዘንድ ያለው አገልግሎት ዛሬ የተጀመረ እንዳልሆነ ያውቃል። ጻድቁ ኢዮብ በመከራው ጊዜ የቀድሞ ክብሩን ሲያስታውስ የመንጋውን ውሾች ጠቅሷል፤ ነቢዩ ኢሳይያስም በሕዝቡ ላይ የተሾሙትን ሰነፍ ጠባቂዎች ሊወቅስ በፈለገ ጊዜ መጮኽ በማይችሉ ውሾች መስሏቸዋል፤ የሚጮኽና የሚተጋ ውሻ በነቢዩ ዘመን የታወቀና የተመሰገነ ዘበኛ ባይሆን ኖሮ ተግሣጹ ኀይል ባላገኘም ነበር። በመጽሐፈ ጦቢት ደግሞ ወጣቱ ጦብያ ጳጕሜን 3 ቀን በምናከብረው በመልአኩ በቅዱስ ሩፋኤል መሪነት ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው እንደ ተከተለው፣ ሲመለስም አብሮት እንደ ተመለሰ ተጽፏል። ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ ቅጥር እንዳይገባ የሚከለክለው ሥርዓት ለቅዱሱ ስፍራ ክብር የተሠራ ነው፤ ከቅጥሩ ውጭ ፍጥረቱን በድንጋይ ለመውገር፣ በረኃብ ለማሠቃየትና በበሽታ ለመተው እንደ ተሰጠ ፈቃድ አድርጎ የሚቈጥረው ሰው ግን ሥርዓቱን ሳይረዳው ቀርቷል። ይህን የምለው በሥርዓቱ ያደግሁ ሰው ስለ ሆንሁ ነው።

የአዊ ሕዝብ እንስሳን ማክበር ከማንም መማር የሚያስፈልገው ሕዝብ አይደለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ ፈረስ በዐድዋና ከዚያም በኋላ በተደረገው የአርበኝነት ተጋድሎ የዋለውን ውለታ ለመዘከር፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል፤ ያን ዕለት ፈረሱ በጌጥ አሸብርቆ፣ ባለቤቱም ለብሶና ተሸልሞ አደባባይ ሲወጣ የተመለከተ ሰው፣ አንድ እንስሳ በአንድ ሕዝብ ታሪክ ውስጥ ምን ያህል ስፍራ ሊይዝ እንደሚችል በዐይኑ ያያል። በጉም ቢሆን አልተረሳም። ዋሸራ የሚባለው፣ ጠጉሩ አጭር፣ ወንዱም ሴቱም ቀንድ አልባ፣ በጎጃምና በአዊ የሚረባው የበግ ዘር በተመራማሪዎች ተለክቶና ተጽፎ፣ አውራው እየተመረጠ በገበሬው ዘንድ እንዲሻሻል ተደክሞበታል። እንግዲህ ፈረሱ ማኅበር ካለው፣ በጉም ስምና ምርምር ካለው፣ ሁለቱንም ሌሊት ሲጠብቅ የሚያድረው ሳይታሰብ የሚቀርበት ምክንያት ምንድር ነው?

የጠባቂው አስፈላጊነት ቀንሷል እንዳይባል፣ እንዲያውም የጨመረ ይመስለኛል። በአባቶቻችን ዘመን አንድን መንጋ ሁለት ሦስት ልጆች ይጠብቁት ነበር፤ ዛሬ ልጆቹ፣ ደስ በሚያሰኝ ሁኔታ፣ ጧት ጧት ደብተር ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ከብቱን የሚጠብቀው አንድ ሽማግሌ ወይም ተረኛ ልጅ ሆኖ፣ የቀረው ሸክም በውሻው ትከሻ ላይ ወድቋል። የግጦሹም መልክ ተለውጧል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ብዙው ማሳና መስክ ለከሰል በሚተከለው በዲከረንስ ዛፍ ተሸፍኗል፤ ዛፉ ለገበሬው ገንዘብ፣ ለተራቈተውም መሬት ጥላ ሆኖለታል፤ ነገር ግን ከብቱ በዛፍ መካከል ባለ ጠባብ ስፍራ ሲሰማራ እረኛው ሩቅ ማየት ስለማይችል፣ አስቀድሞ በዐይን ይጠበቅ የነበረው በውሻ ጆሮና አፍንጫ የሚጠበቅ ሆኗል።

ይህ የዲከረንስ ዛፍ የመጣበት አገር፣ የአውስትራልያ ክፍል የሆነው ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ስለ ውሻም የሚያስተምረን ነገር አለው። ከመቶ ሰማንያ ዓመታት ገደማ በፊት ቶማስ ሆል የተባለ የዚያ አገር ባለ ብዙ ከብት፣ ከእንግሊዝ የመጡት የእረኛ ውሾች ሙቀቱንና የመንገዱን ርዝመት አልችል ቢሉት፣ ዲንጎ ከሚባለው ከአገሩ የዱር ውሻ ጋር አዳቅሎ፣ በሬውን ተረከዙን ነክሶ የሚነዳ፣ ጠንካራና ታጋሽ የሆነ ዘር አወጣ፤ ሆል በ1870 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላም ዘሩ በአገሩ ሁሉ ተሠራጨ፤ ሮበርት ካሌስኪ የተባለ ጸሐፊም መልኩንና ጠባዩን በዝርዝር ጽፎ በ1903 እ.ኤ.አ. አሳተመለት። ያን ውሻ ዛሬ ዓለም ያውቀዋል። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት የአውስትራልያን ውሻ ወደ እንጅባራ እናምጣ የሚል አይደለም፤ እርሱ ከብት ለመንዳት የተፈጠረ ነው፣ እኛ የምንሻው ከብት የሚጠብቅ ነው። እኛን የሚመለከተው እነዚያ ሰዎች በእጃቸው ካለውና አገሩን ከለመደው ዘር ተነሥተው፣ መርጠው፣ መዝግበው፣ ጽፈው ማቈየታቸው ነው።

ወደ አፍሪካም ብንመለከት ምሳሌ አናጣም። በናሚቢያ የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ድርጅት ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቱርክ አገር የተገኙ ግዙፋን የመንጋ ውሾችን እያረባ ለገበሬዎች አድሏል፤ ገበሬው መንጋው ከተጠበቀለት አራዊቱን መግደል ስለሚተው፣ በጉም አቦ ሸማኔውም ተርፈዋል። በጎረቤቷ በቦትስዋና ግን የአገሩ ተራ ውሻ፣ ልክ እንደኛው ‹‹ዘር የለውም›› የሚባለው፣ በትንሽ ምግብና በትንሽ ወጪ መንጋውን በሚገባ እንደሚጠብቅ ጥናት አሳይቷል። በከተሞቻችን የጀርመን ውሻ ቡችላ በብዙ ብር የሚገዛው ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነበር፤ ያ ውሻ ሥጋና ሙቅ ማደሪያ ይሻል፣ የባንጃው ውሻ ግን በክረምቱ ዶፍ ከበረቱ ጥግ ተኝቶ፣ የገብስ ቂጣና አጓት በልቶ ያድራል።

ስለ ምግቡ ካነሣን ዘንድ፣ ውሻ ከተኩላ ከተለየ ጀምሮ እህል ለመፍጨት የሚያስችል ኀይል በተፈጥሮው ውስጥ እንደ በዛለት በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር አረጋግጧል፤ ስለዚህ የገብስ ገንፎ፣ ድንች፣ የእንጀራ ፍርፋሪና አጓት ለእርሱ ሐሰተኛ ምግብ አይደሉም። የሚጐዳው ማነሱና መቋረጡ ነው። ብዙ ቤት ውሻው የሚበላው ሲተርፍ ብቻ ነው፤ በጾም ወራት የቤቱ ማዕድ ሲቀንስ የእርሱም ድርሻ አብሮ ይጠፋል፤ የተራበ ውሻም በረቱን ትቶ ወደ ከተማ ቄራና ወደ ቈሻሻ መጣያ ይሄዳል፤ ከዚያም በሽታ ይዞ ይመለሳል። ማታ ማታ በተወሰነ ሰዓት፣ ከበረቱ አጠገብ፣ በራሱ ገበታ የሚሰጠው አንድ መጠን ምግብ ከቤቱ እንዳይርቅ ያደርገዋል፤ ንጹሕ ውኃም እንዲሁ ሊዘነጋ አይገባም። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ማሰርም ጠባዩን ያከፋዋል እንጂ ጠባቂ አያደርገውም፤ ሰውና እንስሳ ሲያልፍ ሁልጊዜ ሰንሰለቱን እየጐተተ የሚቀር ውሻ ወዳጅን ከጠላት መለየት ያቅተዋል። በአንዳንድ ቤት ‹‹ኀይለኛ ይሆናል›› ተብሎ የቡችላው ጆሮ በምላጭ ይቈረጣል፤ ይህ ከጭካኔነቱ በቀር ጥቅም የሌለው ልማድ ነው፤ ጆሮ ዝናብን ከውስጠኛው መስሚያ የሚከለክል መከላከያ ሲሆን፣ ቍስሉም በዝንብ ሰበብ ትል ያፈራበታል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እመጣለሁ። የውሻ ሕመም የቤተ ሰቡና የመንጋውም ሕመም ነው። ገበሬው አንዱ በጉ በአንድ ወገን እየዞረ፣ ራሱን አዘንብሎ፣ ከመንጋው ተለይቶ ሲቆም ባየ ጊዜ ‹‹አዙሪት ይዞታል›› ብሎ ያዝናል፤ ይህ በሽታ የሚመጣው ከውሻ የኮሶ ትል መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ትሉ በውሻው አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ እንቍላሉ ከኵሱ ጋር በሣሩ ላይ ይወድቃል፤ በጉ ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል፤ በበጉም አንጎል ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ያድጋል። በጉ ሲሞት ወይም ሲታረድ ራሱ ተፈልጦ ለውሻ ከተጣለ ውሻው ከረጢቱን በልቶ እንደ ገና ትል ያፈራል፤ እንዲህም እያለ ክፉው ዙር አያቋርጥም። ሌላው የትል ዓይነት ደግሞ ከበጉና ከከብቱ ጉበትና ሳንባ ወደ ውሻ፣ ከውሻም ወደ ሰው እየተላለፈ፣ በሰው ጉበት ውስጥ ለዓመታት ሲያድግ ቈይቶ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ከረጢት ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ያረዱትን ጉበትና ሳንባ፣ የሞተውንም በግ ራስ ለውሻ አለመጣል፣ ይልቁንም መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ውሻውንም በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ፕራዚኳንቴል የተባለውን ክኒን በየጊዜው ማስዋጥ ነው። የአይስላንድ ሕዝብ ከመቶ ስድሳ ዓመታት በፊት በዚህ በሽታ እጅግ ይሠቃይ ነበር፤ ሃራልድ ክራበ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ በ1864 እ.ኤ.አ. ነገሩን የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈለት፤ መጽሐፉም በየቤቱ ታደለ፤ ከዚያም ሕዝቡ አንብቦ፣ ሕግም ተጨምሮበት፣ በሽታው ከዚያች ደሴት ጠፋ። እንዲህ ያለ አጭር መጽሐፍ በአማርኛና በአዊኛ ተዘጋጅቶ በየቀበሌው ቢታደል ምንኛ በወደድሁ!

የእብድ ውሻ በሽታ ግን ከሁሉ የከፋው ነው። አዲስ አበባ በ1903 እ.ኤ.አ. በዚህ መቅሠፍት መጨነቋን የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት ጽፈዋል፤ ከዚያም ወዲህ ከአገራችን ጠፍቶ አያውቅም። በሽታው በታመመው እንስሳ ምራቅ በኩል በንክሻው ቍስል ይገባል፤ ከዚያም በነርቭ መንገድ ቀስ ብሎ፣ አንዳንድ ጊዜ ብዙ ሳምንታት ወይም ወራት ፈጅቶ፣ ወደ አንጎል ይሄዳል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ቀርፋፋ ጕዞው ምክንያት ግን ከንክሻው በኋላ ሰውን ለማዳን ጊዜ አለ፤ ፓስተር የተባለው ሊቅ የመጀመሪያውን ክትባት በ1885 እ.ኤ.አ. በውሻ ለተነከሰ ልጅ ሰጥቶ ያዳነው በዚሁ ነው፤ በአዲስ አበባም ክትባቱን ሲያዘጋጅ የኖረውን ተቋም ሕዝቡ በስሙ ‹‹ፓስተር›› ሲለው ኖሯል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ወዲያውኑ ቍስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠበው፤ ቅጠልም ሆነ ሌላ ነገር ሳይነሰንስበት በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበል መጠመቅ የሚፈልግ ሰው በሃይማኖቱ ይጠመቅ፤ መርፌውን ግን አንድ ቀን እንኳ አያዘግይ፤ ጸሎቱ መርፌውን አይከለክልም፣ መርፌውም ጸሎቱን አይቃወምም። በዚህ መዘግየት የተነሣ ልጃቸውን ያጡ እናት ሲናገሩ ሰምቻለሁና ይህን ቃል ስጽፍ ልቤ ይደማል።

በሰዎች ላይ ከሚደርሰው ከዚህ በሽታ ከመቶ እስከ 99 የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው፤ ከውሾቹ ከመቶ 70 የሚሆኑት በየዓመቱ ቢከተቡ ግን በሽታው በውሾች መካከል መተላለፊያ አጥቶ ይጠፋል። እዚህ ላይ ነው የመዝገቡ ነገር የሚመለሰው፤ የውሾቹ ጠቅላላ ብዛት ካልታወቀ ከመቶ 70 ስንት እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ክትባቱስ ስንት ተብሎ ይታዘዛል? በአንዳንድ ከተሞች ቈጠራና ክትባት በሚያሻበት ስፍራ መርዝ ሲበተን አይቻለሁ። የመርዙ ውጤት በየመንገዱ የሚንፈራገጥ ውሻ ነው፤ በሽታውን ግን እንደማያጠፋው የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ አስታውቋል፤ የተገደሉትን ውሾች ስፍራ ከሌላ ሰፈር የመጡ ያልተከተቡ ይይዙታልና። ከዚህም በላይ መርዙ የተከተበውንም ያልተከተበውንም፣ ባለቤት ያለውንም የሌለውንም በአንድ ያጠፋል፤ አምስት ዓመት ከጥጆች ጋር ያደገ ጠባቂም በአንድ ጕርሻ ይሞታል።

ያልተከተበ ውሻ ጉዳቱ በሰፈር አይወሰንም። በዓለም ሁሉ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮአችን በባሌ ተራሮች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያና ከዚያም በኋላ በተደጋጋሚ ከመንጋ ውሾች በተዛመተበት የእብደት በሽታ ክፉኛ አልቋል፤ በእኛው በጎጃም በጮቄ ተራራ ይኖር የነበረው ደግሞ ዛሬ ጨርሶ የለም። በሰሜንና በጓሳ የቀረው እንዲተርፍ የሚመኝ ሰው የከብት ጠባቂ ውሾችን ክትባት መመኘት ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ከአቅማችን በላይ ነው የሚል ሰው ቢኖር የከብት ደስታ በሽታን ያስታውስ። በምኒልክ ዘመን ከብቱን ጨርሶ ክፉ ቀን ያመጣብን ያ ወረርሽኝ በ2011 እ.ኤ.አ. ከምድር ሁሉ እንደ ጠፋ የታወጀው በተለይ በክትባት ኀይል ነው፤ የእንስሳት ጤና ሠራተኞቻችንም የክትባት ሣጥናቸውን ተሸክመው እስከ አፋር በረሓ ድረስ ዘልቀዋል። ወደ አፋር የደረሰ ሣጥን ወደ ባንጃ መድረስ አያቅተውም።

እንዴት ይደረግ ለሚለኝም የማስበው ይህን ነው። በየቀበሌው የፈረሰኞች ማኅበር አባላት አሉ፤ ሕዝቡም ቃላቸውን ይሰማል፤ እነርሱ ጥሪውን ቢያሰሙ ገበሬው ውሻውን ደብቆ አያስቀርም። ውሾችን ሁሉ በአንድ አደባባይ መሰብሰብ ግን ጥል ማስነሣት ስለ ሆነ፣ ክታቢው በየጎጡ ይሂድ፤ የሚሄድበትም ሰዓት ከብቱ ከመሰማራቱ በፊት ባለው ጧት ይሁን፣ ውሻው ወደ መስክ ከወጣ በኋላ ማግኘት ያስቸግራልና። ውሻውን ባለቤቱ ራሱ ይያዘው፤ ሦስት ወር የሞላው ቡችላም አይቅር። ለተከተበው ውሻ ባለ ቀለም ክር በአንገቱ ይታሰርለት፤ የክሩ ቀለም በየዓመቱ ይለወጥ፤ ስሙ፣ ፆታው፣ ዕድሜው፣ ቀለሙና የሚጠብቀው የከብት ብዛት ከባለቤቱ ስም ቀጥሎ ይጻፍ። ሌሊት በረቱን የማይለቅ፣ በግ የማይነክስ፣ ሕፃን የማያስደነግጥ ተብሎ በጎረቤት የተመሰከረለት ውሻ በመዝገቡ ላይ ምልክት ይደረግለት፤ ቡችላ የሚሻ ሰው ከእንዲህ ያለው ዘር እንዲወስድ፣ ለማራባት የማይፈለገው ደግሞ በእንስሳት ሐኪም እንዲመክን ይመከር። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ለዋሸራ በግ እንደ ተደረገው ሁሉ የዚህን ውሻ ቁመት፣ ክብደት፣ መልክና ጠባይ ለክተው ቢጽፉ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ የሚፈለግ ሥራ ይሆንላቸዋል።

ክትባቱ እስኪመጣ መጠበቅ ደግሞ አያስፈልግም። ቈጠራው ደብተርና እርሳስ ብቻ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ የባንጃና የዳንግላ ቀበሌዎች መኸሩ ተሰብስቦ ገበሬው ፋታ በሚያገኝበት በታኅሣሥ ወር ሊጀምሩት፣ ውጤቱንም ለወረዳው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ከጥር መጨረሻ በፊት አስረክበው፣ የመጪው በጀት ሲዘጋጅ የክትባቱ ልክ አብሮ እንዲታሰብ ሊያደርጉ ይችላሉ።